ድምፁን የለወጠ ሙዚቀኛ ሥሩን ከድቷልን?



በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ውስጥ የተነሣው ክርክር እስከ አሁን አልበረደም። ክበቡ ከአባላቱ መዋጮና በወላጆች በዓል ካሳየው ትርኢት ያጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ አለችው። ከአባላቱ እኩሌቶቹ «በዚህች ገንዘብ ኦርጋን ይገዛ፤ ዘመኑ የኦርጋን ነው» ይላሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ «ክራርና ማሲንቆ ይገዛበት፤ ኦርጋን የባህል ጠላት ነው» ይላሉ። ነገሩ ከክበቡ ወጥቶ ወደ መማሪያ ክፍል፣ ከመማሪያ ክፍልም ወደ ወላጆቻችን ቤት ገብቷል። ገንዘቧ ትንሽ ብትሆንም ጥያቄው ትንሽ አይደለም። አንድ ሙዚቀኛ ወይም አንድ ባንድ የቆየበትን ድምፅ ትቶ ወደ ሌላ ድምፅ ቢሻገር ሥሩን ከድቷል ይባላልን? የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

እኔም የክበቡ አባል እንደ መሆኔ መጠን የመሰለኝን ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። አሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ድምፅን መለወጥ በራሱ ክህደት አይደለም። ክህደት የሚባለው ሳይማሩ መጣል፣ ሳያውቁ መተው ነው። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ከአገራችን የሙዚቃ ታሪክ፣ ቀጥሎ ከሩቅ አገር፣ በመጨረሻም ከዚሁ ከአምቦ ምድር ምሳሌ አቀርባለሁ። ከሩቁ አገር ጋር ለማነጻጸር እንዲመች ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

አስቀድሞ ግን የኦርጋንን ተቃዋሚዎች ቃል በሚገባ መስማት ተገቢ ነው። የባላጋራን ነገር አጣሞ አቅርቦ መርታት የሰነፍ ድል ነውና። እነርሱ የሚሉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኦርጋን የባዕድ አገር ዕቃ ስለሆነ የእኛን ዜማ በትክክል አያወጣም። ሁለተኛ፣ አንድ ኦርጋን የአምስትና የስድስት ሰው ሥራ ስለሚሠራ ሙዚቀኛውን ከእንጀራው ያፈናቅለዋል። ሦስተኛ፣ ቁልፉን ሲጫኑት ከበሮውን ራሱ ስለሚመታ ወጣቱን ሰነፍ ያደርገዋል። በሦስቱም ውስጥ እውነት አለ፤ ወደ ኋላም እመለስባቸዋለሁ። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱም ቢሆን «ድምፁን የለወጠ ሁሉ ከዳተኛ ነው» ወደሚል ፍርድ አያደርስም።

«የባዕድ አገር ዕቃ» ከሚለው እጀምራለሁ። ዛሬ አባቶቻችንና እናቶቻችን «የድሮ ዘፈን» እያሉ የሚናፍቁት ዘፈን በምን ይታጀብ ነበር? በትራምፔት፣ በትሮምቦንና በሳክስፎን አይደለምን? እነዚህ መሣሪያዎች ከጨሊያ ወይም ከጀልዱ ጫካ የተቆረጡ አይደሉም። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያ መላካቸው በታሪክ ይነገራል። በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። እነዚህም «አርባ ልጆች» በመባል ይታወቃሉ። መሪያቸው የነበሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው።

ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ሠራዊት የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። በ1935 የተመሠረተው የሀገር ፍቅርና በ1955 የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቃውን ለሕዝብ አደረሱ። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በወሊሶ ያደገው ጥላሁን ገሠሠ በሀገር ፍቅር ጀምሮ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የገባው በዚያ ዘመን ነው። እስኪ እናስብ፤ ያን ጊዜ አንድ የክራር አዋቂ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ይህ የሩሲያ ንጉሥ መለከት ነው፣ ይህ የአርመን ጡሩምባ ነው፣ ባህላችንን አጠፋችሁ» ቢሉ ኖሮ ከዛሬዎቹ ተቃዋሚዎች በምን ይለያሉ? ነገር ግን ያ የባዕድ ነሐስ የእኛን ትዝታ፣ የእኛን ባቲ፣ የእኛን አምባሰልና አንቺሆዬ ተምሮ የእኛ ሆነ። በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄም በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምረው ሲመለሱ ቅኝታችንን ከጃዝ ጋር አጋብተው ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ሙዚቃ አቆሙ። ዛሬ ዓለም የእኛን ቅኝት በስሙ የሚያውቀው በአብዛኛው በዚህ በተጋባው ሙዚቃ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ዕቃ በመጣበት አገር አይፈረድበትም። የሚፈረድበት በሚያወጣው ዜማ ነው።

አሁን ደግሞ የነሐሱ ድምፅ እንዴት ወደ ኦርጋን ድምፅ እንደ ተለወጠ እንመልከት። ብዙ ሰው ወጣቱ ስለ ሰነፈ ነው ይላል። ታሪኩ ግን ይህን አይመሰክርም። እስከ 1974 ድረስ የአዲስ አበባ ምሽት በሙዚቃ የደመቀ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ በ1969 የራሳቸውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ከፍተው የአለማየሁ እሸቴንና የሌሎችንም ዘፈን ያወጡበት ዘመን ነው። ከአብዮቱ በኋላ ግን ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ የምሽት ክበብ እንዴት ይኖራል? አንዳንዱ ክበብ ተዘጋ። በትልልቅ ሆቴሎች ደግሞ እንግዳው ከገባ በኋላ በሩ ይዘጋና ሙዚቀኛው እስኪነጋ ድረስ ሲጫወት ያድር ነበር። የክብር ዘበኛ ጦር ከንጉሣዊው ሥርዓት ጋር ፈረሰ። ሸክላ ቀርቶ ካሴት ቦታውን ወሰደ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ለርካሽ ነገር ደግሞ የአሥራ አምስት ሰው ኦርኬስትራ ደመወዝ የሚከፍል አይገኝም። ስለዚህ ባንዶች አነሱ፤ የነሐሱ ረድፍ ከአራት ሰው ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ሳክስፎን ወረደ። በጎደለው ቦታ ኦርጋን ገባ። ኦርጋን ነሐሱን ገደለው ከማለት ይልቅ ነሐሱ በሞተበት ቤት ኦርጋን ሐዘን ደረሰ ብንል ይቀርባል።

ለዚህ ሁሉ ከአቶ ኃይሉ መርጊያ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አቶ ኃይሉ በ1946 በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን የተወለዱ ሲሆን በልጅነታቸው አኮርዲዮን የተማሩት በራሳቸው ጥረት ነው። በኋላም የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆነው በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ሠሩ። ባንዱ በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከጉዞው በኋላ አንዳንዶቹ አባላት ወደ አገራቸው ሲመለሱ አቶ ኃይሉና ሌሎች ጓደኞቻቸው እዚያው ቀሩ።

በባዕድ አገር ባንዱ ተበተነ። ሳክስፎኑ የለም፤ ቤዝ ጊታሩ የለም፤ ከበሮ መቺው የለም። አቶ ኃይሉ በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ወደሚገኝ አነስተኛ ስቱዲዮ ገብተው ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ። የያዙት የልጅነት አኮርዲዮናቸውን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያማሃ የተባለው ኩባንያ በ1983 ያወጣውን ዲ ኤክስ 7 የተባለ ሲንተሳይዘርና ራሱን የሚመታ የከበሮ መኪና ነበር። ያ ካሴት ከዋልያስ ድምፅ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የተለየ ነው። የሒልተን ሙቀት የለበትም፤ የሰው ጫጫታ የለበትም። ቀዝቀዝ ያለ፣ የብቸኛ ሰው ድምፅ ነው። ከሥሩ መኪናው ሳይደክም ይመታል፤ ከላዩ አኮርዲዮኑ ያንጎራጉራል። የተጫወቱት ግን አባቶቻችን የሚያውቁትን የቆየ ዜማ፣ «ሸሞንሟናዬ»ንና የመሳሰሉትን ነው።

አቶ ኃይሉ በዚህ ካሴት ሥራቸውን ከዱ የሚል ይኖራልን? እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ባንድ ሲያጡ ዜማውን አብረው አልጣሉም። ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን የአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር፤ ደንበኛ በሚጠብቁበት ሰዓትም ከመኪናው ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ እንደ ነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ያ ካሴት በ2013 በአሜሪካ እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰማ። እርሳቸውም በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው አዲስ ሥራ የሚያወጣው ሥሩ ካልደረቀ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። በፖላንድ አገር፣ በቪስቱላ ወንዝ ዳር፣ ፑዋቪ የምትባል ከተማ አለች። ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ የምትታወቀው በማዳበሪያ ፋብሪካዋ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዚያች ከተማ ወጣቶች ሼኪዬራ የሚባል ባንድ አቋቋሙ። ሼኪዬራ በቋንቋቸው መጥረቢያ ማለት ነው። የሚጫወቱትም ፐንክ የሚባለውን ሙዚቃ ነበር። ፐንክ ጥቂት የጊታር ምት፣ ከፍተኛ ፍጥነትና ጩኸት ያለበት፣ ቃሉም ጨዋ ያልሆነ የቁጣ ሙዚቃ ነው። ቁጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያች አገር ከታኅሣሥ 1981 እስከ ሐምሌ 1983 ወታደራዊ አዋጅ ነበረ፤ ሰዓት እላፊም ነበረ። ሼኪዬራ በ1984 ያሮቺን በተባለች ከተማ በሚደረገው የወጣቶች የሙዚቃ በዓል ላይ ተጫውቶ ዝናው በመላ አገሪቱ ተሰማ።

ወዲያው ግን ባንዱ ተከፈለ። ዘፋኙ ቶማሽ ቡጂንስኪ ወጥቶ ሌላ ባንድ አቋቋመ። ጊታር ተጫዋቹ ቶማሽ አዳምስኪ የሼኪዬራን ስም ይዞ ቀረና በ1986 «ኖቫ አሌክሳንድሪያ» የተባለውን ሸክላ አወጡ። ይህ ሸክላ የሚመደበው ኮልድ ዌቭ፣ ማለትም ቀዝቃዛ ሞገድ፣ በተባለው ዓይነት ሙዚቃ ነው። ሩጫው ቆመ። በጊታሩ ላይ ሲንተሳይዘር ተጨመረ። ከበሮው እንደ ፋብሪካ መኪና በአንድ መልክ ይመታል። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ ያው ቃል ደጋግሞ ይመለሳል። የድሮውን ጩኸት ወድዶ የመጣ ሰው በዚህ ቢደናገር አያስደንቅም። ነገር ግን ጆሮ ሰጥቶ ለሚያዳምጥ ሰው ቁጣው አልጠፋም፤ ወደ ውስጥ ገባ እንጂ። ሰው በጣም ሲናደድ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ኋላ ዝም ይላል። ከሁለቱ የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ዛሬ ያ ሸክላ በፖላንድ የሮክ ሙዚቃ ታሪክ ከታላላቆቹ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

የሸክላው ስም ደግሞ ለእኛ ለአምቦ ልጆች ልዩ ትርጉም አለው። ኖቫ አሌክሳንድሪያ ማለት አዲሲቱ እስክንድርያ ማለት ነው፤ ይህም በሩሲያ ነገሥታት ዘመን ለፑዋቪ ከተማ የተሰጠ ስም ነበር። የእኛም ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል እንደ ነበር ከአያቶቻችን ሰምተናል። ከላይ የተሰጠው ስም አለፈ፤ አምቦም አምቦ፣ ፑዋቪም ፑዋቪ ሆነው ቀሩ። እነዚያ ወጣቶች ድምፃቸውን ለውጠው ሳለ ለሥራቸው የመረጡት ስም የገዛ ከተማቸውን አሮጌ ስም መሆኑን ልብ እንበል። የሩቅ አገር መሣሪያ ቢይዙም የቆሙበትን መሬት አልረሱም።

አቶ ኃይሉ በ1985፣ ሼኪዬራ በ1986። አንዱ የሌላውን ስም እንኳ ሳይሰማ፣ አንዱ በስደት፣ ሌላው በአገሩ፣ ሁለቱም ባንድ ከፈረሰባቸው በኋላ ወደዚያው ወደ ቀዝቃዛው መሣሪያ ሄዱ። ሁለቱም በውስጣቸው የነበረውን ነገር ይዘው ነው የተሻገሩት። ከዚህ የምንማረው ነገር፣ ድምፅ የሚለወጠው ኑሮ ስለሚለወጥ መሆኑን ነው። ኑሮው ተለውጦ ሳለ በድሮው ድምፅ ብቻ የሚዘፍን ሰው ደግሞ የሌላ ሰው ልብስ እንደ ለበሰ ይሆናል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከአምቦ አጠገብ በቦዳ በ1936 የተወለዱት ባለ ቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የአማርኛን ግጥም ምጣኔ ለውጠው ዛሬ «የጸጋዬ ቤት» የሚባለውን አዲስ ስልት አበርክተዋል። የሼክስፒርን ተውኔቶች ወደ አማርኛ መልሰዋል። የባዕድ አገር ተውኔት ስለ ተረጎሙ የቦዳ ልጅነታቸው ቀነሰን? ይልቁንም ከፍ ብሎ ታየ እንጂ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለሁላችንም ልብ የቀረበ ነው። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በዚሁ በአምቦ ተወልዶ ያደገ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት በእስር ቤት ኖረ። ከተፈታ በኋላ በ2009 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ፤ በ2015 ደግሞ «ማላን ጂራ» የተባለው ዘፈኑ በመላ አገሪቱ ተሰማ። በሰኔ 2020 በአዲስ አበባ ተገድሎ እዚሁ በአምቦ ተቀበረ። አባቶቻችን በፈረስ ላይ ሆነው፣ በድግስና በሐዘን ቦታ የሚያሰሙት ጌራርሳ መሣሪያ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጉሮሮና ልብ ነው። ሃጫሉ ግን በጊታርና በኦርጋን ታጅቦ ዘፈነ። ከአምቦ ሽማግሌዎች መካከል «ኦርጋን ስላስገባህ ከጌራርሳ ወጣህ» ያለው ሰው እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ምክንያቱም ጌራርሳን ሳያውቅ አልተወውም፤ አውቆት ወደ አዲሱ መሣሪያ ይዞት ገባ። በዚህ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ያልኩት ልዩነት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የኦርጋን ወዳጆች «እንግዲያስ ክርክሩን ረታን» ብለው እንዳይደሰቱ እለምናቸዋለሁ። ለእነርሱም የምለው አለኝ።

የመጀመሪያው ስለ ቅኝት ነው። ኦርጋን አንዱን የድምፅ እርከን በ12 እኩል ደረጃ ይከፍለዋል። ደረጃውም እንደ ቤት ደረጃ የቆመ ነው፤ በሁለት ደረጃ መካከል እግር የሚያርፍበት ቦታ የለም። ማሲንቆ ግን አንዲት የፈረስ ጭራ ጅማት ብቻ ያላት ስትሆን ጣት እንደ ፈለገ ይንሸራተትባታል፤ በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ሁሉ ታገኛለች። የክራር መቺም ጅማቱን የሚቃኘው በገዛ ጆሮው ነው። ስለዚህ ኦርጋንን ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ አንቺሆዬን ሲሰማ «ተሳስቷል» ይላል። የተሳሳተው ግን ጆሮው ነው። አንዳንድ ኦርጋኖች ደረጃቸው እንዲስተካከል ሆነው ተሠርተዋል፤ ዳሩ ግን ምን እንደሚያስተካክል የማያውቅ ሰው ቁልፉን ቢያገኘው ምን ይረባዋል? አቶ ኃይሉም ሆኑ ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቱን በጆሯቸው ይዘው ስለ ተነሡ ነው የባዕዱ መሣሪያ የታዘዘላቸው።

ሁለተኛው ስለ ሰው ነው። በጊንጪም፣ በጉደርም፣ በጌዶም፣ በባኮም ሠርግ ላይ ዛሬ ብዙ ጊዜ የምናየው አንድ ኦርጋን፣ አንድ ዘፋኝና ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ነው። ከበሮውን መኪናው ይመታዋል፤ ዋሽንቱን መኪናው ይነፋዋል። አቶ ኃይሉ የከበሮ መኪና የያዙት ከበሮ መቺ በማጣት ነበር። እኛ ግን ከበሮ መቺው በር ላይ ቆሞ ሳለ መኪናውን እንመርጣለን። ያ ችግር ያመጣው ብልሃት ነው፤ ይህ ግን ስንፍና ነው። በሙዚቃ ክበባችን ውስጥ ከበሮ መምታት የሚችሉ ልጆች ሞልተው ሳለ የመኪናውን ቁልፍ መጫን፣ እጅ ያለው ሰው ሌላ ሰው እንዲያጎርሰው እንደ መጠበቅ ነው።

ሦስተኛው ስለ ጊዜ ነው። ኦርጋን ዛሬ ባንገዛ ነገ ልንገዛው እንችላለን፤ ሱቅ ውስጥ ይጠብቀናል። ማሲንቆ የሚያስተምሩት ሽማግሌና ጌራርሳ የሚያውቁት አባት ግን ሱቅ ውስጥ አይጠብቁንም። አንድ ሽማግሌ ባለፉ ቁጥር ማንም ያልጻፈው ዜማ አብሮ ይቀበራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን እሰጋለሁ።

እንግዲህ ለክበባችን የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ በዚህ ዓመት ገንዘብ ክራርና ማሲንቆ ይገዛ። ይህን የምለው ኦርጋን ርኩስ ስለሆነ ሳይሆን ቅደም ተከተል ስላለው ነው። በሚመጣው ዓመት በሚሰበሰበው ገንዘብ ኦርጋኑ ይገዛ። ያን ጊዜ ኦርጋኑን መንካት የሚፈልግ አባል አስቀድሞ አራቱን ቅኝቶች በክራር ተጫውቶ በመምህር ፊት ይፈተን። ያለፈ ይንካው፤ ያላለፈ ተመልሶ ይማር።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በወላጆች በዓል ላይ የከበሮ መኪና አይነሣ። ከበሮውን ሰው ይምታው። ቢሳሳትም ይሳሳት፤ በዚያ ዕድሜ ያልተሳሳተ ሰው መቼ ይማራል?

በሦስተኛ ደረጃ፣ ከእኛ መካከል ስልክ ያለው ሁሉ በዚህ ክረምት ወደ ዘመዶቹ አገር፣ ወደ ደንዲ፣ ወደ ጀልዱ፣ ወደ ቶኬ ኩታዬ ሲሄድ የአንድ ሽማግሌ ጌራርሳ ወይም የአንዲት እናት የሠርግ ዘፈን አስፈቅዶ ይቅዳ። የዘፋኙን ስም፣ የቀበሌውን ስምና ቀኑን ይጻፍበት። በመስከረም ስንመለስ በቤተ መጻሕፍታችን አንድ መዝገብ እናገኛለን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትሕትናና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይጠይቃል። በስልካችን የምናጠፋው ሰዓት ለዚህ አነሰ የሚል ሰው ካለ ይነሣና ይናገር።

ውድ ወላጆቻችን፤ ልጆቻችሁ የምታውቁትን ዘፈን በማታውቁት መሣሪያ ሲጫወቱ ብትሰሙ ቶሎ አትቈጡ። እናንተም በወጣትነታችሁ በጊታርና በሳክስፎን ስትጨፍሩ አያቶቻችን «ምን ዓይነት ጫጫታ ነው» ብለዋችሁ ይሆናል። ይልቅስ «ይህን ዘፈን ማን አስተማረህ? ቃሉን ታውቀዋለህ? ቅኝቱ ምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁን። መልስ ካጣን ያን ጊዜ መቈጣት ይገባችኋል።

ክቡራን መምህራኖቻችን፤ ሙዚቃ ከትምህርት በኋላ የሚመጣ መጫወቻ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። የፊዚክስ መምህራችን የድምፅን ሞገድ በክራር ጅማት ቢያስተምሩን፣ የታሪክ መምህራችን የአርባ ልጆችን ታሪክ ቢነግሩን፣ የኦሮምኛ መምህራችን የጌራርሳን ቃል ቢፈቱልን አንዱ ትምህርት ሌላውን ይረዳል እንጂ አይሻማም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእኛ መካከል ነገ አዲስ ድምፅ የሚያመጣ ሰው ይኖራል። ያ ድምፅ እኛ ዛሬ የማናውቀው፣ ምናልባትም ስንሰማው የማንወደው ይሆናል። ያን ጊዜ «ከዳተኛ» ብለን በድንጋይ አንቀበለው። አንድ ነገር ብቻ እንጠይቀው፤ ከመነሣትህ በፊት የተነሣህበትን ታውቀዋለህን? «አዎን፣ አውቀዋለሁ፤ ይኸው» ብሎ በክራር ካሳየን መንገዱን እንልቀቅለት። እስከዚያው ድረስ ግን ክራሩ ይገዛ፣ ጅማቱ ይወጠር፣ ልምምዱም በሚመጣው ሳምንት ይጀመር።